የወፍራሙ ፎንት ናሙና

ብታምኑም ባታምኑም፣ ይሄ የደረሰው በእኔው ላይ ነው። ጨለማ ነበር እንዳልላችሁ፣ ቀን ነበር... ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት የምትበሳበት ሰዓት።

እስካሁን መሰላል ሳይ መንገድ ቀይሬ እሄዳለሁ።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ትንሽ የማስታወቂያ ቤት አለችን። እኔ ኮምፒውተር ላይ እነድፋለሁ፣ እሱ መሰላል ላይ ወጥቶ ይሰቅላል። በሁሉም ነገር ስለሚከራከር ሰፈሩ "ጠበቃው" ይለዋል። ከሱ ሌላ ወንድም የለኝም።

የዚያን ቀን የጂም ታፔላ ነበረን። መሰላሉን ልያዝልህ ብለውም ተከራክሮኝ ብቻውን ሄደ።

ታፔላውን የሠራሁት በአዲስ ፎንት ነው። ወፍራም፣ ሰፊ፣ ጫፎቹ በሰያፍ የተቆረጡ... ገና ካልመጣ ዘመን የተላከ የሚመስል። ለጂም፣ ለጌም ቤት፣ ለኮንሰርት ፖስተር ልክክ ይላል። ሌላ ምን ልሥራበት እያልኩ እንደገና ከፈትኩት።

ፎንት ስትመርጡ ናሙና ዓረፍተ ነገር የምታሳይ ትንሽ ሳጥን አለች አይደል? ለሁሉም ፎንት ያው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

የዚህኛው ግን...

"ምሳ በላችሁ ወይስ እንደ ልማዳችሁ ጦማችሁን ዋላችሁ?"

ማን ቀለደብኝ ብዬ ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት።

"ምሳ በላችሁ ወይስ እንደ ልማዳችሁ ጦማችሁን ዋላችሁ?"

ቃል በቃል! ገና ሳትናገረው ሳጥኗ ጽፋዋለች።

መልሼ ሳይ ሳጥኗ ውስጥ ሌላ ተጽፏል።

"መሰላሉን ያዙልኝ!"

ክው አልኩ። በሩን እንኳ ሳልዘጋ ወደ ጂሙ በረርኩ።

ደህና ነበር። መሰላሉ ጫፍ ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል።

"ውረድ!"

ዞር ብሎም አላየኝ።

"ውረድ አልኩህ! ነገ አብረን እንሰቅለዋለን።"

"እሺ።"

እሺ?! ጠበቃው "እሺ" ሲል ተወልጄ ሰምቼ አላውቅም። በሕይወት መውረዱ ብቻ ደስ ብሎኝ ልብ አላልኩትም። እንደ ነፍሱ የሚሳሳለትን መሰርሰሪያ እንኳ እዚያው ትቶ ተከተለኝ።

መንገዱን ሙሉ እኔ ብቻ አወራሁ።

ማስታወቂያ ቤታችን ስንደርስ እጁን ሊታጠብ ወደ ጓዳ ገባ። ውሃው ሲወርድ ይሰማኛል። እፎይ ብዬ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ።

ስልኬ ጮኸ። የጂሙ ባለቤት ነው።

"ምን ነካህ አንተ? ውረድ ውረድ ብለህ ብቻህን እያወራህ ትሄዳለህ?"

"ብቻዬን?... ከወንድሜ ጋር እኮ ነው የሄድኩት" አልኩ በሹክሹክታ።

"የምን ወንድም? ወንድምህ ገና እላይ ነው! ከፎቅ በመስኮት እያየሁት ነው... መሰላሉ እየተንሸራተተ ነው!"

ከሰውየው ድምፅ ኋላ፣ ከሩቅ፣ ወንድሜ ሲጮህ ሰማሁት።

"መሰላሉን ያዙልኝ!"

ጓዳ ውስጥ ውሃው ቆመ።

ዓይኔ ሳጥኗ ላይ አረፈ። እንደገና ተቀይራለች።

"ማነው የደወለው?"

እርጥብ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ...

የተጻፈውን ገና አልተናገረም።