ግድግዳ ላይ የተሰቀለችው ፋርማሲስት

ቀሐ አካባቢ ያለው የመሪጌታ ወልደኢየሱስ ቤት ድህነትን እንጂ የልጅ ሐዘንን የማያውቅ ቤት ነበር። ታላቋ ልጃቸው ማርያማዊት ፋርማሲስት ሆና የተመረቀች ዕለት መሪጌታ በደስታ ቅኔ ተቀኝተውላታል። ታናሹ መዝሙር ስኳር በሽታ ይዞት በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋል፤ ይሁን እንጂ ድምፁ ቤተ ክርስቲያኑን ይሞላዋል፣ ምላሱም አያርፍም። «አባ፣ ዛሬ ዜማ ሰበሩ እኮ!» እያለ አባቱን ያሳፍራቸዋል፤ እናቱ ወይዘሮ አበቡም በሳቅ ትፈርሳለች። ያ ሳቅ ከዚያ ቤት ተነቅሎ ይጠፋል ብሎ ማን ጠረጠረ?

ማርያማዊት በተመረቀች በዓመቱ ፒያሳ ላይ አንድ መድኃኒት ቤት ተከፈተ። ከመደርደሪያው በላይ ፎቶዋና የሙያ ፈቃዷ በመስተዋት ተለብጠው ተሰቀሉ። «ከሰው ጋር የከፈትኩት ነው» አለቻቸው ለአባቷ። ውሸቷን ነው! ያለ ባለሙያ መድኃኒት ቤት መክፈት በሕግ ክልክል ነው። ባለቤቱ ልዑልቃል ግን ከሸቀጥ ንግድ በቀር የሚያውቀው ነገር ስላልነበረ ስሟን ተከራየ። እሷ ማራኪ ሰፈር በአንድ አስመጪ ድርጅት ተቀጥራ ትውላለች፤ ስሟ ፒያሳ ቆሞ መድኃኒት ይሸጣል። ተቆጣጣሪዎች ብቅ ሲሉ ልዑልቃል ይደውልላታል፤ በባጃጅ ከች ብላ ነጭ ጋዎን ታጠልቃለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ሲሄዱላት አውልቃ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። በቀረው ጊዜ ጋዎኑ ከበሩ ጀርባ ይንጠለጠላል፤ ልዑልቃልም እጁን ይጠርግበታል። ኧረ እንዴት ያቅለሸልሻል! ሀብታም ቢታመም ሐኪም ወዳጅ አለው፤ ይደውላል፣ ይጠይቃል። ከዳባት በጭነት መኪና ተጭኖ የመጣ ገበሬ ግን ከአጭበርባሪ የሚጠብቀው ያ ግድግዳ ላይ ያለው ወረቀት ብቻ ነው። እነሱ ያንኑ ሸጡበት።

መሪጌታ አንድ ቀን በዚያ ሲያልፉ ልጃቸው በነጭ ጋዎን ሆና ከተቆጣጣሪዎች ጋር ስትነጋገር አዩ። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ ወዲያ የመዝሙርን ኢንሱሊን ከሆስፒታል ማምጣት ትተው «ከልጄ ቤት» መግዛት ጀመሩ። «ማርያማዊትስ?» ሲሉት ልዑልቃል «አሁን ወጣች» ይላቸዋል። ከቅዳሴ በኋላም የገጠሩን ሰው «መድኃኒት ስትፈልጉ ልጄ ጋ ሂዱ» ይሉታል። መድኃኒት ቤቱ በገቡ ቁጥር፣ ሰው እንዳያያቸው ዞር ዞር ብለው፣ ፎቶዋን በእጃቸው ነክተው እጃቸውን ይስሙ ነበር። ምስኪን አባት!

ልዑልቃል ፍሪጁን በለስላሳ መጠጥ ሞልቶ ኢንሱሊኑን ከላይ በረዶ ቤቱ ውስጥ ይከተዋል። «ኢንሱሊን ቅዝቃዜ ይወዳል» ሲባል ሰምቷል፤ አብልጦ ቢቀዘቅዝ አብልጦ የሚቆይ መሰለው። አንድ ቀን መሪጌታ ፊት ደርቆ በረዶ የሆነውን ብልቃጥ አውጥቶ በመዳፉ እያሸ አቀለጠው።

«መድኃኒት አያያዝ እንዲህ ነው መሪጌታ!» አላቸው።

«ልጄ ያለችበት ቤት!» ብለው መረቁት። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ኃይሉን እንደሚያጣና እንደሚጣል ማን ይንገራቸው? ይህን የምታውቀው ሰው ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ነበር… ዝም ብላ!

መዝሙር ከሳ። ውሃ ቢጠጣ፣ ቢጠጣ ጥሙ አልቆርጥ አለ፤ ያ ድምፁ ሰለለ። እናቱ ሰዓቱን ሳታዛንፍ ትወጋዋለች፤ በየቀኑ በገዛ እጇ የምትሰጠው ባዶ ተስፋ መሆኑን አላወቀችም።

«እማ፣ ይኼ እታለም ቤት የተገዛ ነው አይደል?» አላት አንድ ጧት፣ ክንዱን እየዘረጋላት።

«አዎ የኔ ጌታ።»

«ታዲያ ምነው እምቢ አለኝ?»

በዚያው ዕለት ራሱን ሳተ። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው፤ ቢያሽከረክረው መድኃኒቱ እንደ ተበጠሰ ወተት ተቋጥሮ ከመስተዋቱ ላይ ተለጥፏል።

«ይህ በረዶ ሆኖ የቀለጠ ነው። የሚሠራ መድኃኒት አይደለም» አለ ሐኪሙ ፊቱን አጨፍግጎ። «ከየት ነው የገዛችሁት?»

ማርያማዊት ወሬውን ሰምታ እያለከለከች የገባችው ያን ጊዜ ነበር። መሪጌታ ስላዩአት ልባቸው ተጽናና።

«ከልጄ ቤት ነው እንጂ! ይቺውና፣ ራሷ መጣች፤ እሷን ጠይቃት!» አሉ። በኩራት ነበር የተናገሩት… ወይ አበሳ!

መዝሙር በማግስቱ ቀትር ላይ ዐረፈ።

ልዑልቃል ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ምን ይዞ? የታሸገ ውሃ በካርቶን! ከማርያማዊት ጎን ተቀምጦ ነጠላውን ወደ አፉ ሳብ አደረገና «ነገሩን አደራ፣ እንዳታነሺው። ፈቃድሽ ቢነካ ሁለታችንም እንጠፋለን። ልጁ እንደሆነ ዕድሉ ነው» ብሎ አንሾካሾከላት። ማርያማዊት ተነሥታ ከድንኳኑ ወጣች። ስትመለስ ምንዳዬ የምትባል የዳባት ገበሬ ከአባቷ ፊት ተንበርክካ አየች።

«እግዜር ያጥናዎ የኔታ» ትላለች ሴትዮዋ። «እርስዎ ባሉኝ፣ ስኳር ላለባት ልጀ ለፀደይ ከልጅዎ ቤት ገዝቸ ነበር። እውቂያ የሌለኝ ሰው ነኝ፣ ሸጋ ቤት አገኘሁ ብየ ነበር። ልጂቱ ግን ውሃ ውሃ እያለች እማኪና ተራ ከታናሸ ጋ ተኝታለች። ምነው ይሆን?» ከጉያዋ ብልቃጡን አወጣች።

ማርያማዊት ከእጇ ነጠቀቻት። «እንዳትወጊያት! በረዶ የነካው ነው! እኔ እዚያ ቤት የለሁም! ሠርቼበትም አላውቅም፤ ስሜን ነው ያከራየሁት! ወንድሜን የገደለው ይኼ ነው!» ብላ ጮኸች። ለቅሶው ቀጥ አለ። ልዑልቃል ጫማውን ፈልጎ ሹልክ አለ። ወይዘሮ አበቡ ልጇን አየቻት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

ማርያማዊት አባቷ እግር ላይ ወደቀች። «አባ፣ ይፍቱኝ!»

መሪጌታ ቀኝ እጃቸውን ገልብጠው አዩት። በዚያች እጃቸው ስንቴ ነው ያቺን ፎቶ የነኩት! ስንቱን ድሃ ነው በገዛ አፋቸው የላኩት!

«እኔ መሪጌታ ነኝ እንጂ ቄስ አይደለሁም፤ ልፈታሽ አልችልም» አሉ በመጨረሻ። «ተነሺ፣ ጫማሽን አድርጊ። መጀመሪያ ያቺን ልጅ ሆስፒታል እናድርሳት። ከዚያ የሠራሽውን ለሚመለከተው ትናገሪያለሽ። አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ፀደይ ደኅናው ኢንሱሊን ደርሶላት ተረፈች። ምንዳዬ የማርያማዊትን እጅ ልትስም ብትጎነበስ ማርያማዊት እጇን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰበችው። ያንኑ ቀን አባቷ በር ላይ ቆመው እየጠበቋት ቃሏን ሰጠች። መድኃኒት ቤቱ ታሸገ፤ ፈቃዷም ተሰረዘ፤ ከልዑልቃል ጋር አንድ ችሎት ፊት ቆመች። እናቷ እስከ ዛሬ ምሳዋን ታቀርብላታለች፤ ስሟን ጠርታት ግን አታውቅም።

ሰው አሁንም «ዕድሉ ነው» ይላል። ለመሆኑ ዕድል ፍሪጅ ይከፍታል? ዕድል ስሙን ያከራያል? የመዝሙርን መድኃኒት በረዶ ውስጥ የከተተ እጅ ነው፤ ባለቤት ያለው እጅ! መሪጌታ ወደ ፒያሳ ሲወጡ ዛሬም በዚያ በታሸገው በር ነው የሚያልፉት። በደረሱ ቁጥር ቀኝ እጃቸው ከልማድ ብድግ ይላል፤ ከዚያ በግራ እጃቸው ይይዙትና ይመልሱታል።