ክር የሌለው ክራር

ያየሁትን ነው የምጽፍላችሁ። ማመን ያቃተው ሰው አልፈርድበትም፤ እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

ሌሊት አልነበረም። ካዛንቺስ፣ የእኛ ሳሎን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ምንጣፉ ላይ ተኝታለች...

እናቴ መድኃኒት ትባላለች። የመርሳት በሽታ ከያዛት ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። እኔን ልጇን ስታየኝ፣ «ቆጣሪ አንባቢው መጣ!» ትላለች።

«ኢያቄም ነኝ እኮ፣ እማ።»

«ይሁንልህ። ባለፈው ወር ግን አብዝተህ ነው ያነበብከው።»

እንስቅ ነበር። ያኔ አባቴ ነበረ።

አባቴ አታክልቲ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክራሩን ያነሳል። ሁልጊዜ አንድ ዜማ ብቻ።

በዚያ ዜማ እናቴ ትመለሳለች። በስሜ ትጠራኛለች። አፏን ከፍታ ትጎርሳለች።

ሳይኮሎጂ ስለተማርኩ ብዙም አልገረመኝም። ሌላው ትዝታ ሲጠፋ፣ የሚወዱት ዜማ አንጎል ውስጥ ዘግይቶ ሊቆይ ይችላል። እንደ ሰፈራችን ማለት ነው፤ ዙሪያው ሁሉ ፈርሶ ሁለት ቤት ቆሟል።

ጥቅምት ላይ አባቴ ሞተ።

የክራሩን ስድስት ክሮች ፈትቼ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከእጁ ሥር አኖርኩለት። አብረውት ተቀበሩ። ባዶውን ክራር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሰቀልኩት።

ፍቅር መስሎኝ ነበር...

የቀሩን አንዲት ጎረቤት እትዬ ጀማነሽ ናቸው። «እስከ አርባው ሙዚቃ የሚባል እንዳይሰማ» አሉኝ። «ኀዘን ቤት ነው። ሰው ምን ይላል?»

አልቀየማቸውም። አባቴን ያከብሩት ነበር።

እናቴ ግን ጸጥታው ውስጥ ጠፋች።

መሞቱን ስንነግራት ታለቅሳለች። ትረሳለች። «አታክልቲ የታለ?» ትላለች። ስንነግራት እንደ አዲስ ታለቅሳለች። በመጨረሻ መንገር ተውን።

እሷም መብላት ተወች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አላስቻለኝም። አባቴ ሲጫወት በስልኬ የቀዳሁት አሥራ አንድ ደቂቃ ነበረኝ። ኢርፎኑን አንዱን በእሷ ጆሮ፣ አንዱን በእኔ ጆሮ አደረግኩ።

ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ ምቱን መምታት ጀመሩ።

«ኢያቄም... ከሳህ።»

አጎረስኳት። ጎረሰች።

«አባትህ የታለ?»

«ቄራ... ሥጋ ሊገዛ ሄዷል።»

ቀረጻው አለቀ። ጣቶቿ ግን አልቆሙም...

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንደዚያው አደረግን፣ በድብቅ።

በሃያኛው ቀን፣ ኢርፎኑን ከኪሴ ሳላወጣው መምታት ጀመረች። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ልማድ ነው አልኩ። አንጎል ይለምዳል።

በሠላሳኛው ቀን ፋርማሲ ደርሼ ስመለስ፣ ብቻዋን ተቀምጣ በገዛ እጇ ትበላለች።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ኢርፎኑም።

«እማ...?»

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «ዝም በል። እየተጫወተ ነው።»

«ማን?»

«አባትህ ነዋ!» አለችኝ በሹክሹክታ። «ቄራ ሄዷል አልከኝ... አንተ ውሸታም።»

አዳመጥኩ።

ምንም።

«ምን... ምን አለሽ?»

«"ክሬን ማን ፈታብኝ?" ይለኛል። አሳዘነኝ። ከእኔ ሰጠሁት።»

ምን እንደሰጠችው ብጠይቃት፣ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ እንደ ኮረዳ ሳቀች።

ክራሩን ማየት ነበረብኝ። አላየሁትም። እየበላች ነበር፤ ስሜን ታውቅ ነበር። ያንን ማበላሸት ፈራሁ።

ለአርባው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጠገቧ ነበርኩ። ጣቶቿ ቀስ እያሉ ይመታሉ።

«ኢያቄም» አለችኝ። «ይጠብቀኛል። ልሂድ?»

«ትንሽ ቆዪ፣ እማ። ትንሽ...»

«ዜማው እኮ አለቀ፣ ልጄ።»

ጣቶቿ ቆሙ።

እትዬ ጀማነሽ ሊያጥቧት ገቡ። ወዲያው ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ኢያቄም! ፀጉሯን ማን ቆረጠው?»

እስከ ወገቧ ይደርስ የነበረው ሽበቷ የለም።

ወደ ግድግዳው ሄጄ ክራሩን አዞርኩት።

ስድስት ክር። ነጭ። በቀጭኑ የተገመደ፣ በደንብ የተወጠረ... አባቴ እንደሚወጥረው።

ጆሮዬን አስጠጋሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለእኔም እንዲሰማኝ...

ምንም አልተሰማኝም።

ስድስተኛው ክር ግን ገና ይንቀጠቀጥ ነበር።