የ«ምን አልክ» የምሳ እንቅልፍ

ሽማግሌው መካኒክ የሚጠግኑት፣ በባትሪም በነዳጅም የሚሄድ ሃይብሪድ መኪና ሥር፣ ካርቶን ላይ በጀርባቸው እንደተንጋለሉ ሞተው ተገኙ። ሠላሳ ዓመት መዶሻ ሲደልቁ ጆሯቸው ስለደከመ ሰው ሁሉ በቅጽል ስም «ምን አልክ» ይላቸዋል። ምሳ በልተው መኪና ሥር ሸለብ ማድረግ ልማዳቸው ነበር። ታዲያ ማንም እንዳያስነሣባቸው የመኪናውን ቁልፍ ደረት ኪሳቸው ሳይከቱ ገብተው አያውቁም፤ ያን ዕለትም ቁልፉ እዚያው ነበር። ምን ዋጋ አለው!

«የጭስ ሞት ነው» አለ ሐኪሙ።

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። የመኪናውን ሰሌዳ ካየች ጀምሮ ፊቷ ጠቁሯል። ሰሌዳውን ታውቀዋለች፤ ከየት እንደምታውቀው ግን ለማንም አልተናገረችም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሌባ ከመኪናው ሆድ ሥር ካታላይዘሩን፣ ያንን ጭስ የሚያጣራ ብረት፣ በመጋዝ ቆርጦ ወስዶታል። «ምን አልክ» ሌላ ሊገጥሙለት ነበር። ባለመኪናዋ ነርስ ከላይ ወደ ታች የሚሳበው የጋራዡ በር ጋ ቆማ ታለቅሳለች።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው!»

«እስቲ ተረጋጊ ሲስተር። ምን ተፈጠረ?»

«ምሳ ሰዓት ላይ የዝናብ ልብሴን ልወስድ መጣሁ። ጋሼ ተኝተዋል። ሹፌር ወንበር ላይ ሆኜ ወደ ኋላ ስንጠራራ ማስነሻውን በክርኔ ነክቼው ይሆናላ! ይሄ መኪና ቁልፍ አይሰካም፣ ቁልፉ አጠገቡ ካለ ይበቃዋል። ሲነሣ ደግሞ ድምፅ የለው።»

«ስትወጪ የጋራዡን በር ዘጋሽው?»

«አልወርድ አለኝ፣ ትቼው ወደ ሥራ ሮጥኩ።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም እዚያው ጋራዥ የመኪና ኤሌትሪክ ይሠራል። በሃይብሪድ የሚያህለው የለም ይባልለታል፤ የሚገጠመውን ካታላይዘርም ከቁርጥራጭ ተራ ገዝቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ ብሏል።

«ከምሳ ስመለስ በሩ ተዘግቷል፣ መኪናው ጸጥ ብሏል። ወንድሜን ሳየው ጮህኩ። ምንም አልነካሁም» አለ ዐይኑን ከመሬት ሳያነሳ። «ሲስተር ላይ አትፍረዱባት፣ ሳታውቅ ነው።»

ግድግዳ የሚጋራቸው ሽማግሌ በያጅ ግን ሌላ ነገር ተናገሩ።

«ምሳ ሰዓት ላይ ያ መኪና፣ ቱቦው ተቆርጦ የለ፣ እንደ ትራክተር ያጓራል፣ ጸጥ ይላል፣ ደግሞ ያጓራል። ድምፁ ወጥ ነው፤ ነዳጅ የሚረግጥ ሰው ያለበት አይመስልም።»

«ሄደው አላዩም?»

«በማይረባ አጥር ተኳርፈናል። ሬዲዮዬን ከፍ አደረግኩ።» ድምፃቸው ሰለለ። «አፈርኩ ልጄ። እሱ ሲሞት እኔ ዘፈን እሰማለሁ!»

በማግስቱ መርማሪዋ ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሲስተር፣ ግቢና በክርንሽ ተጫኚው።»

ነርሷ ቁልፉን ይዛ ገባችና ተጫነች። የዳሽቦርዱ መብራት በራ፤ ሞተሩ አልተነሣም።

«ፍሬን ካልተረገጠ አይነሣም። ስለዚህ አንቺ አይደለሽም» አለች መርማሪዋና ወደ ታናሽየው ዞረች። «አንተ ይህን ታውቃለህ፤ እሷ ራሷን ስትረግም ግን ዝም አልክ። የመኪናው አየር ማቀዝቀዣ ደግሞ መጨረሻ ድረስ ተከፍቶ ነበር። በዚያ ብርድና ዝናብ ማን ነው የሚያቀዘቅዘው? ባትሪው ቶሎ እንዲደክምና ሞተሩ በራሱ እየተነሣ እንዲሞላው የፈለገ ነው። በል እስቲ በሩን ዝጋልኝ።»

ሰውየው ሳያስበው የበሩን የግራ ሐዲድ በእርግጫ መትቶ ሳበ፤ በሩ ወረደ።

«ሲስተር አልቻለችበትም። መላውን የምታውቁት አንተና ወንድምህ ብቻ ናችሁ፤ እሳቸው ደግሞ ተኝተው ነበር። ፖሊስ ሲደርስ ደግሞ መኪናው ጨርሶ ጠፍቷል። ምንም አልነካሁም ያልከው አንተ ስትደርስ ጸጥ ብሎ ከነበረ፣ ማን አጠፋው?»

ሊገጠም ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ካታላይዘር አነሣች። አንገቱ ላይ የተመቱ ሦስት ነጥቦችን አሳየች።

«ወንድምህ የበየዱትን ሁሉ እንዲህ ነው ምልክት የሚያደርጉበት። ይሄንንም አምና የሲስተር መኪና ላይ በይደውታል። ከቁርጥራጭ ተራ ገዛሁት ያልከው ከሷ የሰረቅከው ነው። እሳቸው ደግሞ ነቁብህ።»

ታናሽየው መሬት ላይ ዝርፍጥ አለ።

«"ዛሬውኑ ራስህ ንገራት፣ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ" አለኝ። ያሳደገኝ እሱ ነው። እሱ ፊት ቆሜ ሌባ ነኝ ከምል…» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «አፍሬ ነው። እግዜር ያውቃል፣ አፍሬ ነው!»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ በያጁ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተከተሏቸው። ሁለቱ ሴቶች ብቻ ቀሩ። መርማሪዋ እዚያው ላይ ብታበቃ ማንም የሚጠይቃት አልነበረም። እጇ ግን ቦርሳዋ ውስጥ ገብቶ ሁለት ገጽ ወረቀት አወጣ።

«የስርቆቱን ማመልከቻ የተቀበልኩሽ እኔ ነኝ።»

«አውቄሻለሁ። "ለአንድ ቱቦ ብለሽ ነው?" ብለሽ ስቀሽብኛል።»

«መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ሁለተኛውን ገጽ የገለጥኩት ዛሬ ጠዋት ነው።» ገጹን ገልጣ አነበበች፦ «"የምጠረጥረው መኪናዬን ቤቴ መጥቶ የሠራልኝን የጋራዡን ኤሌትሪክ ሠራተኛ ነው።" ያኔ አንብቤው ቢሆን ጋሼ ዛሬ በሕይወት ነበሩ።»



«ዝም ስትሉ አጣርታችሁ ንጹሕ ሆኖ ያገኛችሁት መሰለኝ» አለች ነርሷ። «ሰው በከንቱ ጠረጠርኩ ብዬ አፈርኩ። ለዚህ ነው መኪናዬን መልሼ እዚህ ያመጣሁት።»

መርማሪዋ ወረቀቱን እንደያዘች ቀረች፤ ቀና ብላ ነርሷን ማየት አልቻለችም።