ዝም ያለው ትከሻ

አሰልጣኝ ክብረት እንጦጦ ላይ ገደል ገብታ ሞታ የተገኘችው ሰኞ ጠዋት ነው። ክንዷ ላይ የጣት ምልክት ስላለ፣ አዳልጧት ነው ብሎ ነገር የለም። ጣቢያው ከወዲሁ ፈርዷል፤ በጥርጣሬ የተያዘችው ሠልጣኟ ሳጂዳ ማክሰኞ ከሰዓት ፍርድ ቤት ትቀርባለች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚለው ኢንስፔክተር ጸሐዬ ግን ጥድፊያውን አልወደደውም።

ክብረት ሲግናል ሰፈር ባለው አዳራሽ የታሂቲ ደሴት ውዝዋዜ ታሠለጥን ነበር። በሚመጣው ወር ታሂቲ ለሚደረገው ውድድር ከሳጂዳና ከሌላዋ ሠልጣኝ ከሰርክ አንዷን ልትመርጥ ነበር።

«ከክብረት ጋር ተጣልታችኋል አሉ» አላት ሳጂዳን፣ ማክሰኞ ጠዋት ጣቢያ።

«ቅዳሜ ሰው ፊት “ቴክኒክሽ አንደኛ፣ ፊትሽ ግን ግድግዳ” አለችኝ። ተናድጄ ከቡድኑ ቴሌግራም ወጣሁ።»

«ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ክብረት ስትሞትስ?»

«ቤት ተኝቼ ነበር። ብቻዬን።»

ይቺ ልጅ ለራሷ እንኳ መዋሸት አታውቅም፣ አለ በሆዱ።

አዳራሹ ሲደርስ የሰርክ ማስረጃ ተዘጋጅቶ ጠበቀው፤ ሰኞ አንድ ሰዓት ለቡድኑ የላከችው ቪዲዮ። «አሁን ልምምድ ላይ ነኝ» ይላል። የቅጠል አክሊል የደፋች ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ስትወዛወዝ ትታያለች።

«ከበሮውን የመታልኝ ዮፍታሔ ነው፤ ይጠይቁት» አለች ሰርክ።

«አዎ፣ አብረን ነበርን» አለ ዮፍታሔ አቀርቅሮ። ጸሐዬን ይህ ማቀርቀር አልጣመውም።

«ለመሆኑ ዳኞቹ የሚያዩት ምኑን ነው?» አለው ለብቻው ገለል አድርጎ።

«ዳሌ ይሠራል፣ ትከሻ ዝም ይላል። ከዚያ ደግሞ ስሜቱ አለ። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ነው ጣጣው።»

«ሰርክስ?»

«በስሜት የሚደርስባት የለም። ሞቅ ሲላት ግን እስክስታው ይመጣባታል» አለና ምላሱን ነከሰ።

ስድስት ሰዓት ላይ ሳጂዳን ጭምር አስመጥቶ ሁሉንም ሰበሰበ።

«ሰርክ፣ የቪዲዮውን ውዝዋዜ ድገሚልኝ።»

ከበሮው ገና ሲፈጥን ትከሻዋ አመለጣት። ለመያዝ ታገለች፤ ባሰባት። ዮፍታሔ መምታቱን አቆመ።

«ክብረት በሁለት ዓመት ያላስተወችሽን ሰኞ በምን ተአምር ተውሽው?» አለ ጸሐዬ። «ቪዲዮው ላይ ያለችው ትከሻዋ ንቅንቅ አይልም፤ አንቺ አይደለሽም። ዮፍታሔ፣ መቼ ነው የቀረጽከው?»

«ቅዳሜ፤ ሳጂዳን ነው። ለሰርክም ልኬላት ነበር። ሰርክ “እንቅልፍ ጥሎኝ ቀረሁ፣ ክብረት እንዳትሰርዘኝ አብረን ነበርን በል” አለችኝ። መሞቷን ስሰማ ቃሌን ማጠፍ ፈራሁ።»

«ስልኳ እንደሚያሳየው ክብረት እሑድ መጨረሻ የደወለችው ላንቺ ነው፣ ሰርክ። ውጤቱን ለብቻሽ ልትነግርሽ እንጦጦ ቀጠረችሽ።»

ሰርክ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «ሁለት ዓመት ሙሉ “ትከሻሽን ያዢ” ነው። ልቤ ሲሞቅ በምን ልያዘው? ክንዷን ይዤ ለመንኳት። “አይሆንም” ስትለኝ ገፋኋት።»

ፖሊሶቹ ወሰዷት። ጸሐዬ ከክብረት ቦርሳ ያገኘውን ደብተር ገልጦ ለሳጂዳ ሰጣት። «ሳጂዳ ትሂድ» ይላል የመጨረሻው ገጽ፤ «ስሜቱ አላት፣ ታፍራለች እንጂ። ስለ ቅዳሜው ይቅርታ ልጠይቃት።»

ሳጂዳ ሁለቴ አነበበችው።

«እሑድ ሦስቴ ደውላልኝ ነበር» አለች። «አላነሳሁም።»