የትናንት ክፍል

መምህር ሰውመሆን ስለ ጉበት ሲያስረዱ ከኋላ አንዱ «መምህር፣ ዱለት ውስጥ የሚገባው እሱ ነው?» ብሎ ጠየቀና ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ንግሥቲም ከት ብላ ሳቀች። ወደ ግራ ዞር ስትል ዘይነብ አፏን በሻርፗ ጫፍ ሸፍና ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየች። «ሰማሽው?» ልትላት እጇን ዘረጋች። እጇ የአልጋውን ራስጌ መታ።

ሳቁ የትናንት ነበር። ዛሬ ዓርብ ነው፤ እሷ ያለችው ገና ሐሙስ ውስጥ ነው።

መነጽሩን ወደ ግንባሯ ገፋ ስታደርገው የአክስቷ የታይቱ ቤት ተመልሶ መጣ። ከቆርቆሮው ግድግዳ ማዶ የሩዝ መፈልፈያው ይጮኻል። ታይቱ እዚያ ሩዝ ታበጥራለች፤ ሲመሽ ካልሆነ አትመለስም። ቤቱ ውስጥ ከንግሥቲ በቀር ማንም የለም።

ንግሥቲ የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ልጅ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ከዋንዛ ዛፍ ላይ ወድቃ ወገቧ ከተጎዳ ወዲህ እግሮቿ አይታዘዟትም። ቁሐር በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ መሬቱ ዋልካ ነው፤ እንኳን ተሽከርካሪ ወንበር በሬም ይሰምጥበታል። አባቷ ወረታ ያስቀመጧት ለዚህ ነው። ወረታም ቢሆን ትምህርት ቤቱ የተሠራው ከጎንደር መንገድ ማዶ ዝቅ ካለው ሜዳ ላይ ስለሆነ፣ ከከተማው ሁሉ ውሃ መጨረሻ የሚለቀው እሱን ነው።

የተቀረጸውን በዙሪያዋ እንዳለ አድርጎ የሚያሳያትን መነጽር መስከረም ላይ ያመጡላት ከባሕር ዳር የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ብርቱካን የምታክል ካሜራም ሰጥተዋታል። ካሜራዋ ዙሪያዋን ሁሉ በአንድ ጊዜ ትቀርጻለች። ክፍል ውስጥ ከአጠገቧ የምትቀመጠው ዘይነብ በየጠዋቱ በንግሥቲ ቦታ በሦስት እግሯ ታቆማታለች፤ ከትምህርት በኋላ የቀረጻውን ካርድ ታመጣለች። ኔትወርኩ በቀጥታ ለማስተላለፍ አይበቃም። ስለዚህ ሌሎቹ ዛሬን ሲማሩ ንግሥቲ ትናንትን ትማራለች።

መነጽሩን አልጠላችውም። መጀመሪያ ቀን አጥልቃው የክፍሉን ጣሪያ፣ የተሰበረውን መስኮት፣ ጠመኔ የነካውን የመምህሩን ኮት ስታይ አልቅሳለች። እያደር ግን ሌላ ነገር ማስተዋል ጀመረች። ወደ ታች ስትመለከት ጉልበት የላትም፤ የካሜራዋ ሦስት ቀጫጭን እግሮች ብቻ ናቸው ያሉት። በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩ ወደ ካሜራዋ ዞረው «ንግሥቲ፣ እንዴት አደርሽ?» ይሉ ነበር፤ ልጆቹም እጃቸውን ያውለበልቡላት ነበር። ቀስ በቀስ ሰላምታው ቀረ። አንዳንዱ ጃኬቱን ይሰቅልባትና የዓለሟ ግማሽ ሰማያዊ ጨርቅ ይሆናል። አሁን ቀረብ ብሎ የሚያያት ሰው ቢኖር ጥርሱን በካሜራዋ መስታወት ለማየት የፈለገ ነው።

መነጽሩን መልሳ አጠለቀች።

የዕረፍቱ ደወል ተደወለ። ሁልጊዜ ዘይነብ ካሜራዋን የምታጠፋው በዚህ ጊዜ ነው። ሐሙስ ግን ረሳችው። ልጆቹ እየተጋፉ ወጡ። ባየህ የሚባለው ረጅሙ ልጅ በር ላይ ቆመ።

«ዘይነብ ጋሪ! ጭነትሽን የት ጣልሽው?»

«ዝጋ አንተ!»

«ኧረ ፈረሱ ተቆጣ!» አለ ባየህ፤ ጓደኞቹ እየሳቁ ተከትለውት ወጡ።

ንግሥቲ ይህን ስም ሰምታው አታውቅም። ዘይነብ ግን አልደነገጠችም፤ የለመደችው ነገር ነው። ወዲያው መምህር ሰውመሆን ከሰሌዳው አጠገብ ጠሯት።

«ዘይነብ፣ የባሕር ዳሮቹ ሰኞ ይመጣሉ። ንግሥቲ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በመነጽሩ ትቀጥላለች ወይስ ትመለሳለች ብለው ይጠይቁኛል። የምትቀጥል ከሆነ ቦታዋን ለአዲሷ ልጅ እሰጠዋለሁ፤ ካሜራውን ከኋላ ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን። አንቺ ነሽ የምታገኛት፤ ምን ትላለች?»

ዘይነብ የሻርፗን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። «አትመለስም መምህር። መነጽሩ ይሻለኛል ብላለች።»

መምህሩ ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። ንግሥቲ ዘይነብን ማየት ስለከበዳት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከመስኮቱ ውጭ አንድ ባጃጅ አለፈ። ከኋላው አቧራ ተነሣ።

ቀረጻውን ወደ ኋላ መልሳ ደግማ አየችው። አቧራ ነው። ማክሰኞ ዕለት «መንገዱ ደረቀ?» ብላ ስትጠይቃት ዘይነብ «እስከ ጉልበት ጭቃ ነው» ብላት ነበር።

ባዶው ክፍል ውስጥ ዘይነብ ብቻዋን ጠረጴዛው ላይ ደፋ ብላ ቆየች። ከዚያ ቀና ሳትል እጇን ሰደደች፤ መዳፏ መጥቶ ሁሉንም ሸፈነው። ጨለመ።

ንግሥቲ መነጽሩን አውልቃ እቅፏ ላይ አስቀመጠችው። መነጽሩ ይበቃኛል ያለችው በእርግጥ እሷ ናት። ትምህርት በተጀመረ ሰሞን ዘይነብ ወንበሯን እየገፋች ሳለ ጎማው ጭቃው ውስጥ ተቀርቅሮ ሁለቱም ወደቁ። የዘይነብ ትከሻ አበጠ። መነጽሩ ሲመጣ ንግሥቲ «ከእንግዲህ አትልፊ፤ ይህ ይበቃኛል» አለቻት።

ቁሐር ውስጥ ሩዝ የሚታረመው በወንፈል ነው፤ ዛሬ እኔ ላንተ፣ ነገ አንተ ለእኔ። አንድ ዓመት አባቷን ወባ ጥሏቸው የሰው ጉልበት መመለስ ሲያቅታቸው፣ ማንም ሳይናገራቸው «የእኔን ማሳ ተዉት» አሉ። ጎረቤቶቹ ግን «እንዴት ተደርጎ!» እያሉ ተመላልሰው ለምነዋቸው አረሙላቸው። ያፈረ ሰው እንቢ ይላል፤ የሚወድደው ሰው ደግሞ ይለምነዋል። ንግሥቲም «ይበቃኛል» ስትል ልመናውን እየጠበቀች ነበር። ዘይነብ «እሺ» አለች። ቶሎ ነበር ያለችው።

«ንጉ! አለሽ?» የዘይነብ ድምፅ ከደጅ ተሰማ።

«የት እሄዳለሁ?»

ዘይነብ ገብታ ካርዱን አልጋው ላይ አኖረችና በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «ዛሬ ምንም የለውም፤ ሒሳብ ብቻ ነው። እንቅልፍ ከፈለግሽ እዪው።»

ንግሥቲ አልሳቀችም። «መንገዱ እንዴት ነው?»

«ኧረ ተይኝ! ጭቃ ነው ወላሂ፤ አሁን ራሱ ልወድቅ ነበር።»

«ጫማሽ ነጭ ሆኗል።»

ዘይነብ እግሮቿን ወደ በርጩማው ሥር ሳበች። ጥቁር ጫማዋ አቧራ ለብሷል።

«ትናንት ካሜራውን ዘግይተሽ ነው ያጠፋሽው» አለች ንግሥቲ።

«ደወሉ ሲደወል መነጽሩን ታወልቂ መስሎኝ።» ወዲያውም የያዘችው ሁሉ አንድ ላይ ገነፈለባት፤ «ጋሪ ይሉኛል እኮ! የረገጥሁበት ሁሉ ጋሪ፣ ጋሪ! ሱቃችን ሳሙና ሊገዙ መጥተው እንኳ! አባቴ ‹ምንድን ነው የሚሉሽ?› ሲለኝ ምን ልመልስለት?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? አንቺን በመግፋቴ አፈርሁ ብዬ?»

መብራት ጠፋ መሰል የመፈልፈያው ጩኸት ድንገት ተቋረጠ። ጸጥታው ጆሮ ያማል።

«ደግሞ አንቺም ይበቃኛል ብለሻል» አለች ዘይነብ ቀስ ብላ።

«አንድ ጊዜ ነው ያልሁት። ደግመሽ አልለመንሽኝም።»

«ደግሜ ብለምንሽ እሺ ትይ ነበራ!»

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ዘይነብ ራሷ ደነገጠች። ተነሥታ ሻርፗን አስተካከለችና ሄደች።

ንግሥቲ ብዙ አሰበችበት። የመጨረሻው ቃሏ ውሸት ቢሆን ኖሮ ትጣላት ነበር። ይህ ግን ሐቅ ነው፤ ሐቅ ሲሆን በማን ላይ ይጮኻል?

እሑድ ማታ ታይቱ ሽንኩርት ስትከትፍ «እትዬ» አለቻት ንግሥቲ፤ «ነገ ወንበሬን ደጅ አውጪልኝ።»

«ወዴት ልትሄጂ?»

«ትምህርት ቤት።»

«ማን ይገፋሻል፣ የኔ ሆድ?»

«እጅ አለኝ። ሲያቅተኝ እጠራለሁ።»

«ማንን?»

«ያገኘሁትን።»

ታይቱ ቢላዋውን አቁማ አየቻት። ይህች ልጅ ውሃ እንኳ ሲጠማት ሰው እስኪያይላት ነው የምትጠብቀው።

ሰኞ ጠዋት ንግሥቲ አስፋልቱን በራሷ እጅ ተሻገረች። ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ጭቃ ደርቋል፤ ነገር ግን የክረምቱ የጎማ ዱካ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ቀርቷል። ወንበሩ እየተንገጫገጨ ትንሽ እንደሄደ የፊቱ ጎማ ከአንዱ ቦይ ገብቶ ተቀረቀረ። ወደ ኋላ ሳበች። ወደ ፊት ገፋች። መዳፏ ተላጠ።

ተማሪዎች በግራና በቀኝ ያልፋሉ። አንዳንዱ ዞር ብሎ ያይና አንገቱን ይሰብራል። ከመካከላቸው ባየህና ጓደኞቹ ነበሩ። ንግሥቲ ጎማውን ለቅቃ ጠራች።

«ባየህ!»

ልጁ ዙሪያውን ተመለከተ። «እኔን ነው?»

«ሌላ ባየህ አለ? ና ይህን ጎማ አንሣልኝ።»

ባየህ ጓደኞቹን አየ። አንደኛው ወዲያው «ባየህ ጋሪ!» ሲል የባየህ ፊት ተለዋወጠ። ቢሆንም ዝቅ ብሎ ጎማውን ያዘ።

ንግሥቲ ወደሚስቀው ዞረች። «አንተም ናና ከዚያ በኩል ያዝ። ከባድ ነኝ፤ ብቻውን አይችለኝም።»

ልጁ ሳቁን ሳይጨርስ መጣ። አነሡት።

«ክፍል ድረስ እንግፋሽ?» አለ ባየህ፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

«አይ፣ ይሄ ይበቃ…» ልትል ጀምራ ተወችው። «እስከ በሩ ግፋኝ።»

ክፍል ስትገባ ዘይነብ ካሜራዋን በቦታዋ እያቆመች ነበር። እጇ እንዳለ ቀረ። መምህር ሰውመሆን አዲሷን ልጅ አስከትለው ገቡና ንግሥቲን ሲያዩ ቆሙ።

«ንግሥቲ! ዘይነብ እኮ አትመለስም ብላኝ ነበር።»

ዘይነብ ቀና አላለችም። አንገቷ ላይ ያለው የደም ሥር ሲመታ ንግሥቲ ከአጠገቧ ሆና ታየዋለች፤ ይህን መነጽሩ አሳይቷት አያውቅም።

«እኔ ነኝ ያልኋት መምህር» አለች። «አሁን ሐሳቤን ቀይሬአለሁ። መነጽሩ ክረምት ሲገባ ያስፈልገኛል፤ ቦታዬን ግን አይስጡብኝ።»

መምህሩ ትንሽ አዩዋትና አዲሷን ልጅ ወደ ኋላ መሯት። ዘይነብ ካሜራዋን አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ አግዳሚውን ወደ ራሷ ስባ ለወንበሩ ቦታ ለቀቀች። አመሰግናለሁ አላለችም፤ ይቅርታም አልጠየቀችም። በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት ነበር።

ትምህርቱ ተጀመረ። የጠዋቱ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የሰሌዳውን ጫፍ አንጸባረቀችው፤ ንግሥቲ ርዕሱን ማንበብ አቃታት። አንገቷን ወዲህና ወዲያ አደረገች። ትታው የቀረውን መጻፍ ትችል ነበር። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ያ ምን ይላል?» አለች በሹክሹክታ።

ዘይነብ ወደ ሰሌዳው እንጂ ወደ እሷ አልዞረችም።

«ኩላሊት» አለች።

ንግሥቲ ጻፈች።