የሌለችው ሹፌር

«የታጠበው ልብስ ደረቀ?»

«አልደረቀም፤ ጥላ ላይ ነው የተሰጣው።»

የይለፍ ቃሉ ሲገጥም ነርሷ የሆስፒታሉን የእጥበት ክፍል የኋላ በር ገርበብ አደረገችው። አንሶላ ከሞላው ጋሪ ጀርባ ልብስ ሰፊዋ ብቅ አለች። አንገቷን በሻርፕ ሸፍናለች። ከያዘችው ፌስታል በቀር ጓዝ የላትም።

ሹፌሯ የመኪናውን የኋላ በር ከፈተችላት።

«ዝቅ በይ፣ እህቴ። እስክልሽ ቀና እንዳትይ።»

«ዝቅ ማለቱንስ ለምጄዋለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሹፌሯ ፈገግ ልትል ሞከረች። ፊቷ እምቢ አላት። ሰነበተ እምቢ ካላት።

የምስጢር ስሟ «ዛቢያ» ነው። መጥረቢያ ዛፍ የሚጥለው በዛፍ ዛቢያ ነው ብሎ «አጎት» የምትለው አለቃዋ ያወጣላት ስም። በፍርድ ቤቱ የቤት ውስጥ ጥቃት ክፍል ግን ሹፌር ናት። መኪናው፣ ምስክሮች ባሎቻቸውን ሳያዩ የሚናገሩበት ባለመስታወቱ ክፍል፣ ሴቶቹ የሚደበቁበት ቤት፣ ሁሉም የቆመው በለጋሽ ገንዘብ ነው። ለጋሹ ድርጅት ገንዘቡ በአግባቡ መዋሉን እንድትሰልል አስርጎ አስገባት። በመሃል አንድ ባል መደበቂያ ቤቱን አገኘው። አንዲት ሴት ሞተች።

ተልእኮዋም ተለወጠ። አድራሻውን የሸጠው ማነው? ካልተገኘ ገንዘቡ ይቆማል፤ ክፍሉም ይዘጋል።

ቤት ተቀየረ። አዲሱን የሚያውቁት የክፍሉ አስተባባሪና ሹፌሯ ብቻ ናቸው። ከእነሱ ሌላ አጎት። እስከ ዛሬ ሴቶቹን የምታወርደው መንገዱ ጥግ ላይ ነበር፤ አስተባባሪዋ ተቀብላ ታስገባቸዋለች። ዛሬ አስተባባሪዋ ችሎት ስለተጠመደች ሹፌሯ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ በሩ ልትሄድ ነው። ልብስ ሰፊዋ ከሰዓት በኋላ ባሏ ላይ ትመሰክራለች። ባሏ ፖሊስ ነው።

በገበያው ዞረች። በመጋዘኖቹ በኩል ተመለሰች። የኋላ ማሳያውን አየች። የሚከተላት የለም።

«አጎት፣ መንገዱ ንጹሕ ነው።»

«ቀጥዪ» አለ ስልኩ።

ወደ ቅያሱ ታጠፈች።

በሩ ላይ ሞተር ብስክሌት ቆሟል።

ሄልሜቱን በብብቱ የያዘ ሰው አጥሩን ቀና ብሎ ያነባል። አዲስ ሰሌዳ ተቸንክሯል፤ ቀለሙ ያብረቀርቃል። «የተጎዱ ሴቶች መጠለያ። በለጋሾች ድጋፍ የተቋቋመ።»

«እሱ ነው!»

«ቀና አትበይ አላልኩሽም?»

«ትከሻውን አውቀዋለሁ።»

ሰውየው ዞረ።

«አይቶናል» ማለት አላስፈለገም። ሹፌሯ ማርሹን ወደ ኋላ አስገባች። መኪናው የአንድ ሱቅ መከለያ ገጭቶ ተንጓጓ፤ ባለሱቁ እየተሳደበ ወጣ። ሞተሩ ከኋላ ሲጮህ ይሰማል። ሲሚንቶ ከሚያራግፍ መኪናና ከግድግዳ መሃል ሾለከች። ፍርድ ቤቱ የኋላ በር ስትደርስ ደረሰባት።

ሄልሜቱ መስታወቱ ላይ አረፈ።

መስታወቱ ተሰነጠቀ።

ጥበቃዎቹ ሮጠው መጡ። ሰውየው ሸሚዙን አስተካከለ፤ ሰላምታ ሰጣቸው። «ሚስቴ ናት። የቤታችን ጉዳይ ነው።»

ሽማግሌው ጥበቃ በመሃል ገባ። «እንግዲያው የቤትህን ጉዳይ ለዳኛዋ ንገራት።»

ልብስ ሰፊዋ መሰከረች። ከመስታወቱ ጀርባ፣ ድምጿ እየተቆራረጠ፣ ግን እስከ መጨረሻው።

አስተባባሪዋ ኮሪደሩ ላይ ነበረች። የመሥሪያ ቤቱ ሰው «እትዬ ተለጣፊ» ይላታል፤ የለጋሹን ምልክት ያልለጠፈችበት የሻይ ብርጭቆ የለም።

«እትዬ፣ ሰሌዳውን ማን አስቸነከረው?»

«እኔ ነኛ! ጎብኚዎች ሊመጡ ነው። ውሉ በገንዘቡ የቆመ ነገር ሁሉ ምልክት ይኑረው ይላል።»

«የተደበቀ ቤት ላይ?»

«ታዲያ ቤቱ በገንዘቡ አልተከራየም እንዴ?»

«የፊተኛውም ላይ ነበር?»

«ነበር። ፎቶ አንስቼ ልኬአለሁ፤ አንድ ቀን አስታጉዬ አላው...» እጇ ወደ አፏ ሄደ። ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ወይኔ ልጄ።»

አጎትን መኪና እጥበት ውስጥ አገኘችው። ውሃው ጣሪያውን ሲደበድብ ወሬ አይሰማም።

«ሻጭ የለም፣ ጋሼ። የገደለን ሰሌዳው ነው። የእናንተው ደንብ።»

አጎት የመኪናውን መስኮት አጥብቆ ዘጋ።

«ፎቶዎቹ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ይመጡ ነበር።»

«ይመጡ ነበር።»

«አውቀው ነው ዛሬ የላኩኝ?»

«ጠርጥሬ ነበር። ማረጋገጥ ነበረብኝ።»

«በሴትዮዋ ነፍስ?»

ሳሙናው መስታወቱን ሸፈነው። አጎት እጆቹን ያይ ነበር።

«አለቆቼ ደንባችን ሰው ገደለ የሚል ቃል አይሰሙም። ጥፋተኛ ሰው ይፈልጋሉ። አስተባባሪዋ ትያዛለች። አንቺ በሰላም ትወጫለሽ።»

«እሷ ከታሰረች ክፍሉን የሚያቆመው የለም።»

«ሌላ ሰው አለሽ?»

ዛቢያ ዓይኗን ጨፈነች። እንቅልፍ ናፈቃት።

«አለ። ሹፌሯ።»

«አንቺ?»

«ሹፌሯ። ስሟም መታወቂያዋም የውሸት። ቢፈልጓት አትገኝ። ሸጣ ጠፋች በሉ። ገንዘቡ ይቀጥላል፤ መደበቂያ ቤት ላይ ደግሞ ቁራጭ ወረቀት አይለጠፍም። እምቢ ካሉ የሰሌዳውን ፎቶ ጋዜጠኛ ያየዋል።»

«ሴቶቹ ዕድሜ ልካቸውን ይረግሙሻል፣ ልጄ።»

«በሕይወት ሆነው ይርገሙኝ።»

ሰሌዳው ተነቀለ። መደበቂያ ቤቱ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ። ፖሊሱ ተፈረደበት። እትዬ ተለጣፊ ሥራዋ ላይ ቆየች፤ ብርጭቆዎቹን ግን አጥባ ምልክቱን ፋቀቻቸው አሉ።

ከወራት በኋላ ዛቢያ ሌላ ስም ይዛ፣ ጸጉሯን አሳጥራ፣ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ አንዲት ሴት አረፈች። የጨርቅ ጥቅል ታቅፋለች። አንገቷ ላይ ሻርፕ የለም።

ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፈተች። ያ መስታወት ሲሰነጠቅ ያየችው ትዝ ሳይላት አልቀረም፤ ሹፌሯ አድራሻውን ሸጠች ሲባል የሰማችው ግን በለጠ። ጥቅሏን ሰበሰበች፤ ተነሥታ እስከ ኋላው ወንበር ሄደች።

ዛቢያ በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደች። ሰፈሯ አልነበረም። መንገዱን የሚያቋርጥ ሰው ብዙ ነበር፤ መሃሉ ገባች።