የአንበሳው አጥር

«በሩን ማን ከፈተው ቢሉሽ አላውቅም በይ» አለ ሙሀመድኑር፣ ልጁ ያመጣችለትን ምሳ ሳይከፍት። «ረስቼ ክፍት ትቼው ሄድኩ ብያለሁ። ቃሌን ፈርሜያለሁ። አለቀ።»

ሚስራ አላለቀም ልትለው ፈለገች። አባቷ በር ረስቶ የሚሄድ ሰው አይደለም። የራሳቸውን ቤት በር እንኳ ቆልፎ፣ ሁለቴ ነቅንቆ ነው ከደጅ የሚርቀው። የፖሊስ ጣቢያው ዘበኛ ደግሞ ስትገባ ነግሯታል፤ በቸልተኝነት የሰው አካል አጉድሏል ተብሎ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው፣ ዓመታት ሊታሰር ይችላል።

«አባ፣ እኔ እኮ…»

«ኢንታላ ኮ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ልጄ ማለቱ ነው፤ ኦሮምኛውን እንዲህ አለስልሶ ሲያወጣው ደግሞ ልመና ነው። «አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ።»

ሙሀመድኑር ከከሚሴ ወጣ ብሎ፣ በደሴ መንገድ ዳር ባለ ሆቴል የአንበሳ ጠባቂ ነው። ባለሆቴሉ አንበሳውን ገና ደቦል ሳለ ከቆላ አስመጥቶ ነው ያሳደገው። የአውቶቡስ መንገደኛ ምሳ ሊበላ ሲወርድ ያየዋል። መቼም ሰው በብረት ፍርግርግ ማዶ ሲሆን የማይጀግን የለም። አጥንት ይወረውሩበታል፣ የጫት ገረባ ይበትኑበታል፣ ያፏጩበታል። ተኝቶ ካገኙት «አንበሳ ቢያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል» እያሉ ይሳለቁበታል። አንበሳው ግን አላረጀም፤ የሚተኛው ሙቀቱ ከብዶት ነው። ሙሀመድኑር «ራቁ!» እያለ ሲጮህ ድምፁ ተዘግቶ ነው ማታ ቤት የሚገባው። ከፍርግርጉ ሦስት እርምጃ አርቆ ዙሪያውን የሽቦ አጥር ያሳጠረውም ባለሆቴሉን ዓመት ሙሉ ጨቅጭቆ ነው።

ነገሩ የደረሰው በዓረፋ ማግሥት፣ አርብ ቀን ነው። በዓረፋ ሰሞን የከሚሴ ልጆች አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው አንበሳ ለማየት ይጎርፋሉ። በጁምዓ ሰዓት ግን ግቢው ጭር ይላል። ሙሀመድኑር የአጥሩን በር ቆልፎ ለሶላት ሲሄድ፣ ከውጭ ሆና የአንበሳውን ገንዳ በጎማ ውሃ እንድትሞላለት የውሃ ቤቱን ቁልፍ ለሚስራ ሰጣት። የአጥሩ ቁልፍም እዚያው ክር ላይ ነበር። ልጁን አመናት፤ ጥፋቱ ይኸው ብቻ ነው።

ኸይረዲን ከጁምዓ ቀርቶ መጣ። ጎረቤቷና የክፍሏ ልጅ ነው፤ ያኔ ብርቅ የነበረውን ካሜራ ያለው ሞባይል ከአጎቱ ልጅ ተውሶ ይዟል። አንዴ አጥሩን ክፈቺልኝና ከአንበሳው ጋር ፎቶ አንሺኝ አላት። እንቢ አለች።

«አታካብጂ፣ ሚስሬ። ሽቦው ፎቶውን እያበላሸው እኮ ነው። ደግሞ ተኝቷል።»

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ክፍሉን ሁሉ የሚያስቀው ኸይረዲን እሷን ሲለማመጥ ደስ ብሏታል። ከፈተች። እሱም ለአንበሳው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ፎቶው እንዲያምርለት ቀኝ ክንዱን በፍርግርጉ መሃል አሾልኮ ፈገግ አለ። ሚስራ ስልኩን አስተካክላ ስታይ አንበሳው ከተኛበት የለም።

ደሴ ያሉት ሐኪሞች ክንዱን ማትረፍ አልቻሉም። ኸይረዲን ሲነቃ ተጠየቀ፤ በሩ ክፍት ነበር አለ። ለእሷ ብሎ እንደዋሸ ሚስራ ታውቃለች። አባቷም ለእሷ ብሎ ዋሸ። ሁለቱም አዘኑላት፤ እሷ ግን ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሚስራ ለአባቷ ጣቢያ ምሳ ባደረሰች ማግሥት፣ እሑድ ረፋድ ላይ ጎረቤቱ ለኸይረዲን ዱዓ ሊያደርግ እናቱ ፋጡሜ ቤት ተሰበሰበ። የሚስራ እናት ሰው ፊት መቆም ስላፈረች ሚስራን ላከቻት። በእነሱ ዘንድ ዱዓ ከመያዙ በፊት ቂም ያለው ቂሙን ያወርዳል፣ አውፍ ይባባላል።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው» አሉ ሸህ ቃሲም እንደ ልማዳቸው። «በሆዱ ነገር የያዘ ይናገር።»

ፋጡሜ ከሴቶቹ መሃል ተነሳች።

«እኔ አውፍ አልልም። ልጄ በየትኛው እጁ ሊጽፍ ነው? በየትኛው ሊጎርስ ነው? ያን በር ክፍት የተወው ሙሀመድኑር የልጆቹን ደስታ አይይ። አሚን በሉልኝ።»

ሸህ ቃሲም እርግማን አይወዱም፤ ቀስ በይ፣ አላህን ፍሪ ሊሏት ሞከሩ። ግን እናት እያለቀሰች ማን ይጨክናል? ሰው አንድ በአንድ መዳፉን ዘረጋ። ከሚስራ ጎን የተቀመጠች ሴት በክርኗ ነካ አደረገቻት፤ እጅሽን ዘርጊ ማለቷ ነው። ሚስራ ብትዘረጋ አባቷን ልትረግም ነው። ባትዘረጋም የአባቷ ልጅ ናት ብለው ይተዋታል፣ ነገሩም በዚያው ያልፋል። ዝም ማለት ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ከምንም በላይ አስፈራት።

«ሸህ፣ ዱዓውን ያቆዩት» አለች። «በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ወላሂ፣ አባ ቆልፎት ነበር የሄደው።»

ፋጡሜ እጇን እንደዘረጋች ወደ እሷ ዞረች።

«ልጄ ክፍት ነበር ብሎኛል።»

«እኔን ብሎ ነው፣ እቴ።»

ፋጡሜ የዘረጋቻቸውን እጆቿን ሰበሰበች። ሸህ ቃሲም ይህንኑ ለፖሊስ ትናገሪያለሽ ወይ ብለው ጠየቋት። እናገራለሁ አለች። ከዚያ ማን ይሸኛት ተባለ፤ ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ እንጂ የተነሳ አልነበረም። ሚስራም አልጠበቀችም። ደጃፉ ላይ ከተከመረው ጫማ መሃል የራሷን ፈልጋ አጠለቀች። አባቷ እንደሚቆጣት ታውቃለች፤ ለእሷ ሲል የፈረመበትን ቃል ልታፈርስበት ነው።

አስፋልቱ ጋ ስትደርስ ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። ፋጡሜ ነበረች። አልተጠጋቻትም፣ አላናገረቻትምም። አምስት እርምጃ ያህል ተራርቀው ሁለቱም ወደ ጣቢያው ሄዱ።